የሁለተኛው ካሴት እንከን

ወንድሜን ሠፈሩ ሁሉ ዳኛው ይለዋል። ፍርድ ቤት ግን ረግጦ አያውቅም፤ ሰዓት ሠሪ ነው። ዳኛ ያሰኘው ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን በምንጫወታቸው የጌም ካሴቶች ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ሁለታችንም ሳናገባ ቀርተን፣ ከወላጆቻችን በወረስነው ቤት እየተነታረክን እንኖራለን።

የሥራ ቦታው የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው፣ መብራቱና ወንበሩ ከገቡ በኋላ ቦታ ስለማይተርፍ ደንበኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጋሼ ሰዓት ሲሰጡት ቶሎ አይከፍተውም። መጀመሪያ ጆሮው ላይ ይለጥፈውና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል። ከዚያ «ሞላው ደክሟል» ወይም «አንድ ጥርስ ተበልቷል» ይላል። ሲከፈትም እንዳለው ሆኖ ይገኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲሳሳት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያኮረፈው እኔን ነው፤ ምን እንዳጠፋሁ እንጃ።

ጨዋታም የሚመዝነው እንደዚሁ ነው። ከድሮ ጀምሮ ያስቀመጥናቸው አምስት ካሴቶች አሉን። በአምስቱም ላይ ፋኖስ የያዘ አንድ አጭር ሰውዬ የጠፋ ውሻውን ፍለጋ ከገደል ገደል ይዘላል፤ እኛ ዘላዩ እንለዋለን። ጋሼ ለእያንዳንዱ ካሴት በደብተር ፍርድ ጽፏል። ለአንደኛው፦ «ጨካኝ ነው፤ ግን እውነተኛ። አንዴ ከተነሣህ ሐሳብ መቀየር የለም።» ለሦስተኛው፦ «ፍጹም። ጣትህ ያሰበውን ያህል ይዘላል።» ለአራተኛው፦ «ሥዕሉ ያምራል፤ ዝላዩ ሰነፍ ነው።» አምስተኛውን ደግሞ «ራሴን አዞረኝ» ብሎ ዘግቶታል።

ሁለተኛውን የመጨረሻ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው። በሁለተኛው ላይ ሰውዬው የገደሉን ጫፍ ካለፈ በኋላ፣ እግሩ አየር ላይ እያለ እንኳ ቁልፉን ከተጫኑት ይዘላል። ጨዋታው ለዓይን የማትታይ ትንሽ ጊዜ ይታገሠዋል። ጋሼ ይህንን የሚያየው እንደ ወንጀል ነው።

«መሬት ሳይረግጥ በምን ይዘላል?» ይለኛል። «ያረፈደ ሰው ይውደቅ!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታም ሕግ አለው።»

ደብተሩ ላይም «እንከን አለበት። ለዘገየ ያደላል» ብሎ ጻፈበት። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን፤ ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። አንደበቱ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ጨምሮበታል። ቀኝ እጁ ግን ሰነፈ፤ በተለይ ወረንጦ የሚይዝባቸው ሁለቱ ጣቶቹ። ፊዚዮቴራፒስቷ አየችውና «ጣቶቹ አልሞቱም፤ ዘግይተው ነው የሚሰሙት። በየቀኑ ማሠራት ነው» አለችን። የምትጨመቅ የጎማ ኳስም ሰጠችው። ጋሼ ሁለቴ ጨመቃትና «እኔ ድመት ነኝ?» ብሎ በግራ እጁ ወረወራት።

በማግስቱ ራሱን በራሱ ችሎት ፊት አቀረበ።

«ሦስተኛውን አምጪ» አለኝ። «የመጀመሪያውን ገደል ከተሻገርኩ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ካልተሻገርኩ በቃ።»

ለመንኩት፤ አልሰማኝም። አርባ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ገደሉን ያየዋል፣ ያስባል፣ አውራ ጣቱ ግን የሚደርሰው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነው። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ተፈረደ» አለ። «መሣሪያዎቼን ለሙያ ትምህርት ቤቱ ስጪልኝ። ዛሬውኑ ደውይላቸው።»

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ግን ንዴቴ መጣ። ሐኪም አልሞተም ያለችውን ጣት ካሴት ይግደለው? እንዲህ ያለ ጉድ በእኛ ቤት ብቻ ነው የሚሰማው። ተመለስኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ «ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የሚከፈተው ከሁለት ወር በኋላ ነው» አልኩት። የመሣሪያ ሣጥኑን ልብሴ መሃል ደበቅሁት።

ሁለተኛውን አምጥቼ ብሰጠው እንደማይነካው አውቃለሁ። ስለዚህ ገላውን ሲታጠብ የራሱን ትንሽ ካቻቪቴ ወስጄ ሁለቱን ካሴቶች ከፈትኩና ሆድ ዕቃቸውን አለዋወጥኩ። ላዩ ሦስተኛ፣ ውስጡ ሁለተኛ ሆነ። አንዷ ብሎን እምቢ ስትለኝ ታገልኳት፤ አናቷ ተበላ። እንዳላየ ሆኜ ከደንኩት።

«ይግባኝ ብያለሁ» አልኩት ሲወጣ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዳኛ ነውና ይግባኝ መከልከል ከበደው። ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰውዬው ግን መሮጥ ጀምሮ ነበርና ጋሼ ከልማድ ተከተለው። የገደሉ ጫፍ አለፈ። አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ዘግይታ ደረሰች። ሰውዬው ዘለለና ማዶ አረፈ።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ካሴቱ ላይ የተጻፈውን አየ።

«ይሄ ሁለተኛው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌባ!» አለኝ። ጆይስቲኩን ግን አላስቀመጠም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቁርስ እንደበላ ይቀመጣል። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይሰድበኛል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ሰዓት ላይ እንጂ ለራሱ ሲሆን አይቼበት አላውቅም ነበር፤ ኮራሁበት። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት «አሁን አየሽ?» አለኝ። «መሬት ላይ እያለ ነው የዘለለው። በምሕረት አይደለም።»

ያን ዕለት ካሴቱን አወጣና እንደ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። የላላ ነገር ሰማና ፊቱ ተለወጠ። ገለበጠው።

«ይቺን ብሎን ማነው የገደላት?»

«እኔ ነኝ።»

«በእኔ ካቻቪቴ?»

ስርቆቱን ይቅር ብሎኝ ነበር። ይቺን ግን አልቻለም።

«ሣጥኑን አምጪ!» ብሎ ጮኸ።

ሮጬ አመጣሁት። ካቻቪቴውን በግራው አነሣ፤ አየውና ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። ወደቀበት። አነሣው። ደግሞ ወደቀበት። በሦስተኛው ያዘው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ብሎኗ ተፈታች። በወረንጦው ቆንጥጦ አነሣትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ሁለታችንም አየናት፤ እንባዬ መጣ።

«ወዲያ ሄደሽ አልቅሺ» አለኝ፤ «ብሎኗ ትጠፋለች።»

«ትምህርት ቤቱ ተከፈተ?» አለኝ ቆይቶ።

«ተዘግቶም አያውቅም።»

«ገብቶኝ ነበር» አለና ደብተሩን ጠየቀኝ።

ሰው ሁሉ ኋላ ወደ ደረጃው ሥር፣ ወደ ሥራው መመለሱን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ግን ያን ዕለት ያደረገውን ነው። ሃያ ዓመት የቆመበትን ፍርድ አንብቦ በቀኝ እጁ እስክሪብቶ አነሣ። ሦስተኛውን ከአንደኝነቱ አላነሣውም፤ አያደርገውም። ሁለተኛውን ግን ቀጥሎ አስቀመጠው። ከዚያ «እንከን አለበት» በሚለው ላይ የተንቀጠቀጠ መስመር ሰረዘበት።

«ለዘገየ ያደላል» የሚለውን እንዳለ ተወው።