እድፍ ያልያዘው የሽንት ጨርቅ

በረኪና እንላታለን፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ዞር ስትል። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ሰው ሰላም ስትል እንኳ መጀመሪያ የሸሚዙን አንገትጌ አይታ ነው ወደ ፊቱ የምትወጣው። ደመናን ብታገኘው ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች።

ልጇ ስትወልድ ታዲያ የልጅ ልጇን የሽንት ጨርቅ ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። ገመዱ ላይ እያሰጣች በጎረቤት ላይ ትኮራለች።

«የእናንተዎቹ ጨርቁን ቀለም ነክረው ነው የሚሰጧችሁ። የኔ ጌታ ግን ካካው ራሱ ነጭ ነው። ለቅለቅ ማድረግ ብቻ።»

«የአያቱን ጠባይ ያውቃላ!» አልናት። ሳቅን።

የዓይኑንም ቢጫነት አይተናል። «ፀሐይ ይሙቅ፣ ይለቀዋል» ተባለ። ሞቀ፤ አልለቀቀውም። ሁለት ወር አልፎት ለክትባት ሲወስዱት፣ ነርሷ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችና ደም እንዲመረመር ላከችው።

ሐኪሟ ውጤቱን አየት አድርጋ፣ «የጉበቱ ኢንዛይሞች ጨምረዋል» አለች።

«ምን ማለት ነው?» አለች እናቱ።

«ጉበት ሲጎዳ ከውስጡ ወደ ደም ሾልከው የሚወጡ ነገሮች ናቸው። ቁጥሩ መጎዳቱን ይነግረናል እንጂ ምን እንደጎዳው አይነግረንም። ብዙ ሕፃናት ላይ ጉንፋን ቢጤ ሲይዛቸው ከፍ ይልና በራሱ ጊዜ ይወርዳል።»

በረኪና ተነፈሰች። «የኛም ጉንፋን ነዋ።»

«ቢጫነቱ እስካሁን መቆየቱን ግን አልወደድኩትም። ሰገራው ምን ይመስላል?»

ይቺንማ ማን ቀድሟት ይመልሳል። «ነጭ ነው ዶክተርዬ። እድፍ የሚባል አያውቅም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ለሰገራ ቀለም የሚሰጠው ከጉበት የሚወርደው ሐሞት ነው። ነጭ ከሆነ፣ መውረጃው ተዘግቶ ይሆናል።»

«ይከፈታላ።»

«በቀዶ ጥገና እንሞክራለን። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ነበር ጥሩው።»

ሌሎቹም ምርመራዎች ያንኑ አሉ። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ሐሞቱ ግን አልወርድም አለ። ጉበቱ ጠጥሯል። የሚተካበት አገር አለ አሏቸው፤ ሩቅ ነው፣ እነሱ የማይደርሱበት። ቤት ወስዳችሁ አቅፋችሁ አቆዩት ተባለ።

ልጅቷ እናቷን ክፉ አልተናገረቻትም። በረኪና ግን ይህንን አልቻለችውም። ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዛ፣

«ስደቢኝ እንጂ ልጄ» አለቻት።

«ምን ብዬ ልስደብሽ እማዬ። እኔስ አይቼው የለም እንዴ።»

ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ የሕፃኑን ጉንጭ ነካ አድርጋ፣ «ሲያምር፤ ይደግላችሁ» አለች።

እናቱ «አሜን» አለች። አያቱ የሕፃኑን መታቀፊያ ጠርዝ ታስተካክል ጀመር። ሕፃኑ ግን ለሴትዮዋ ድዱን አሳይቶ ሳቀላት፤ እሷም እስክትወርድ ድረስ ታጫውተው ነበር።