ባርኔጣዬን ሳነሳ የምትዘል መርፌ

ከደብረ ኤልያስ እስከ ደብረ ማርቆስ ራዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ቤቴን ያውቃል። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። ኤሌክትሪክን ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ ገጥሜ ተማርኩት። ባለ ዲግሪዎች ያቃታቸውን አምጥተውልኝ ሠርቼ መልሻለሁ።

የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። የምታጠናው ውፍረታቸው ከጥቂት አቶም የማይበልጥ ንጣፎችን ነው። አንዳንዶቹ ማግኔት ናቸው፤ ሌሎቹ ፌሮኤሌክትሪክ ይባላሉ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በተፈጥሯቸው ለሁለት ወገን የተለየ ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ያለ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ወገናቸው ሲገለበጥ ፍሰቱም ይገለበጣል።

«ይህንማ እኔም አሳይሻለሁ» አልኳት።

ሳቀች። «ካሳዩኝ ጋሼ፣ ለዩኒቨርሲቲያችን የጎብኚዎች ቀን ሥራዎን ከነስምዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

ከማንቂያ ሰዓት ውስጥ የምትጮኸውን ነጭ ክብ አወጣሁ፤ ወፍራም ብትሆንም እሷም ፌሮኤሌክትሪክ ናት። ከራዲዮ ባወጣሁት ማጉያ በኩል ባለ መርፌ መለኪያ ላይ አገናኘኋት። ፀሐይ ላይ አድርጌ በባርኔጣዬ ከደንኳት። ባርኔጣውን ሳነሳ መርፌዋ ዘለለች። ክቧን ገለበጥኩ፤ ወደ ሌላው ወገን ዘለለች። መንደሩ ሁሉ አየልኝ።

የወንድሜ ልጅ የመጣች ቀንም ዘለለች። ልከድናት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት ጋሼ፤ እንይ።»

መርፌዋ ቀስ ብላ ወደ ዜሮ ተመለሰች። ፀሐዩ እንዳለ ነው።

«ብርሃን ቢሆን ፀሐይ እስካለ ድረስ ይፈስ ነበር። ይህ ሙቀት ነው። ክቧ ስትሞቅ ይፈሳል፤ ሙቀቷ ሲረጋ ይቆማል።»

ስንት ሳምንት ስከድን ስከፍት፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አልቆየሁም!

ብርሃኑን ብቻ እንዲያሳልፍልኝ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ከክቧ ፊት አቆምኩ። ብርሃኑ አለፈ፣ ሙቀቱ ቀረ፣ መርፌዋም ሳትዘል ቀረች። ማጉያ ላይ ማጉያ ጨመርኩ፤ የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ ብቻ ተንቀጠቀጠች።

«በሙቀት ስም እናስቀምጠዋ» አለችኝ።

«ሙቀትማ ድመትም ፈልጋ ታገኛለች!»

ጠረጴዛው ያለ እኔ ስም ሞላ። ቢሆንም እነዚህን አድርጌያለሁ፦

ሳላውቅ ሙቀትን ኤሌክትሪክ አድርጌያለሁ።

ሦስት ማጉያ ሠርቼ ሁለቱን አቃጥያለሁ።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህር «ይህን እኔም አላውቀውም» እስክትል ድረስ ጠይቄያታለሁ።

ማንም ሳይጠይቀኝ መርፌዋን ያሳየኋቸው ሰዎች ቤት ዞሬ፣ «ያ ብርሃን አልነበረም» ብዬ ተናግሬያለሁ።