የእድራችን ሁለት ቋሚዎች

እናቴ የሞተች ዕለት የእድሩ ድንኳን አንድ ጥጉ አጎንብሶ ነበር። ኀዘንተኛ ብዙ ነገር አያይም ይባላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ያየሁት እሱን ነው። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ድንኳኑ ሃያ አራት ቋሚ እንዳለው በቃሌ አውቃለሁ። የዚያን ቀን የቆመው በሃያ ሁለት ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የኖሩት ጋሽ ሀብተሥላሴ የጎደለውን ጥግ በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል። ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

ለካ ሁለቱ ቋሚዎች ተቆርጠው የበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝ ሆነዋል። ያውም እዚህ ልደታ፣ በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ ነገር በሆነበት ሰፈር!

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ባለችው ጠባብ የብየዳ ቤታቸው አልጋ ሲሠሩ ነው የኖሩት። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የተኛው እሳቸው በበየዱት አልጋ ላይ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ዝምተኛ ናቸው። ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር መዋል ይሻላቸዋል፤ ብረት ቢያንስ "መቼ ይደርሳል?" እያለ አይጨቀጭቅም። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ናዝሬት። ሯጭ ነበረች። ክለብ ገብታ ሰፈሩ "የኛ ልጅ" ማለት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ተበላሸ። ሐኪሙ፣ "መራመድ ትችያለሽ፤ ሩጫ ግን በቃሽ" አላት። ክለቡም አሰናበታት። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ስምንት ወር። የተኛችበትን አልጋ የሠሩት አባቷ ናቸው። አንድ ቀን፣ "ምነው ያን አልጋ ባልሠራሁት" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ እሑድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ቴሌቪዥኑ ፈረንጆች በረዶ ላይ ዳገት ሲወጡ ያሳያል። እግራቸው መሬቱን አይደበድብም፤ ይንሸራተታል። በእጃቸው ምርኩዝ ይዘው ይገፋሉ። ላባቸው ግን የሯጭ ላብ ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።

በረዶ ባይኖር ጎማ አለ አሉ። አልጋ ከሚሠሩበት ቱቦላሬ ብረት ለእግሯ መንሸራተቻ ቆርጠው ከፊትና ከኋላው የሻንጣ ጎማ ገጠሙበት፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ከዚያ ከተጣለ የሕፃን ጋሪ ጎማ ፈትተው፣ በቀላሉ እንዲሽከረከር ኩሽኔታ ጨምረው እንደገና ሠሩት። ተረከዟ እንደልብ እንዲነሣ ጫማዋን ከፊት ለፊቱ ብቻ በበር ማጠፊያ አሰሩት። ፍሬኑ ከኋላ የተንጠለጠለ የመኪና ጎማ ቁራጭ ነው። ክንዷን እንድታጠነክር ደግሞ በሩ ላይ የብስክሌት ላስቲክ አስረው ቆማ የምትጎትተው መሣሪያ አበጁላት። መንገደኛ እንዳትገጭም ወገቧ ላይ ቃጭል አንጠለጠሉ። መጀመሪያ ቀን የሰማው ሰው በግ ሻጭ መጣ ብሎ ወጥቷል።

ያስቸገራቸው ምርኩዙ ነው። የመጥረጊያ እንጨት ተሰበረ። የመጋረጃ ብረት ተጣመመ። የውኃ ቧንቧው ትከሻዋን ገደላት። ቀላልም ጠንካራም ነገር በሰፈሩ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የእድሩ ድንኳን የአሉሚኒየም ቋሚ። አብዛኛው ሰው ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ለቅሶው በጋራ አዳራሽ ሆኖ፣ ድንኳኑ ሁለት ዓመት አልተዘረጋም ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሁለቱን ቆረጧቸው።

ናዝሬት ከልደታ ማርያም እስከ ሰንጋ ተራ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ማለዳ ማለዳ መመላለስ ጀመረች። የታክሲ ረዳቶቹ "ጀለሴ፣ በረዶው የታለ?" ይሏታል። "ዳገቱ አለ!" ብላ ታልፋለች። እኔ እንኳ፣ "አባትየው አበዱ፣ ልጅቷንም አሳበዱ" ብዬ ስቄያለሁ፤ አልደብቅም። እናቴ ወይዘሮ ወለተሰንበት ግን ከአሮጌው ቤቷ ደጅ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

"ዛሬ ስንቴ ዞርሽ?"

"አምስት፣ እማማ።"

"ነገ ስድስት።"

እናቴ ያን ቤት ለቃ አታውቅም። "ከደጄ ሸኙኝ" ብላ ስለተናዘዘች ነው ድንኳኑ የወጣው።

ከሣልስቱ በኋላ በመጣው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ክሱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። "በእናቴ ለቅሶ ላይ" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ከንብረት ጠባቂነት እንዲነሡ፣ ምርኩዞቹም ለእድሩ እንዲመለሱ ጠየቅሁ። ናዝሬት ያለ እነሱ ወዴት እንደምትመለስ አውቃለሁ። ወደዚያው አልጋ። ግን ተቆጥቼ ነበር።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ሚደቅሳ፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሀብቴ፣ ምን ትላለህ?" አሉ።

"አጥፍቻለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።" ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አንገታቸው ባዶ ሆኖ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ናዝሬት ከኋላ ብድግ አለች። "አባዬ እማማ ወለተሰንበትን አማክሮ ነው የቆረጠው።"

"ተቀመጪ ናዝሬት! ሙት አይጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አልተቀመጠችም። "ቧንቧውን ይዤ ስወድቅ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። 'ያን ድንኳን ቤት ለቤት ዞሬ ያስገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከሱ ቁረጥ' አሉት። እሱ እምቢ አለ። 'ከዚህ ሰፈር ቀድሞ የሚሞተው እኔ ነኝ፤ በኔ ለቅሶ ይጉደል። ለሙት ድንኳን ቢያጎነብስ ምን ገዶት? ይቺ ልጅ ትነሣ' አሉት። አባዬ፣ 'ጸሐፊውስ?' ሲላቸው…" አየችኝና አቋረጠች።

"ጨርሺው" አልኳት።

"'ማኑን ተወው፤ የሱ ቁጣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ነው' አሉ።"

ይህን ከእናቴ በቀር ማንም ብሎኝ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ በተቆጣሁ ቁጥር የምትለው ነው። የያዝኩት ወረቀት እጄ ላይ ከበደኝ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ይህን ሁሉ እያወቁ፣ የእናቴ ስም በስብሰባ እንዳይነሣ ብለው ነው ዝም ያሉት። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ክሱን ቀደድኩት። ቁልፉን አንሥቼ አንገታቸው ላይ መለስኩላቸው። ለማስረጃ የቀረቡትን ምርኩዞች ጋሽ ሚደቅሳ ራሳቸው ለናዝሬት አቀበሏት። ጋሽ ሀብተሥላሴ በሳምንቱ ከአልጋ ብረት ሁለት ቋሚ በይደው አመጡ፤ ከበፊቶቹ ይከብዳሉ፣ ግን አያጎነብሱም።

ከስብሰባው በማግስቱ ማለዳ እናቴ ደጅ ሄጄ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ የቃጭሉ ድምፅ ከታች መጣ። ናዝሬት ስታየኝ ፍሬኗን ረግጣ ቆመች።

"ዛሬ ስንቴ ዞርሽ?" አልኳት።

"ስድስት፣ ጋሽ ማኑ።"

ነገ ሰባት ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።