ሰሊጡን ያጠለልኩ ቀን

የሰሊጡን ሶስ አጥልዬ፣ ውሃውን ለሚስቴ አቅርቤ፣ ዋናውን ነገር በጨርቅ ጠቅልዬ ዕቃ ማጠቢያው ጥግ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን እንዴት በደስታ አወራው ነበር!

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ነው። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል የስደተኞች ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። ሚስቴ ሆቴል ስታጸዳ ትውላለች። በዚያ ዓመት ሆዷ ምስርም ሽሮም አልቀበል አለ፤ ጾሙን በሻይና በዳቦ ስትገፋው ቀሚሷ ወገቧ ላይ ይዞር ጀመር። ሐኪሙ «ብዪ» አላት። «ጾሙ ሲፈታ እበላለሁ» አለችው። እኔ ጡረተኛው ከምክር በቀር የማዋጣው አልነበረኝም፤ ምክሬን ደግሞ ከምስሩም አብልጣ ነው የጠላችው።

አንድ የጣማት ነገር ቢኖር ጎረቤታችን ያቀመሰቻት በሰሊጥ ሶስ የተለወሰ ቆስጣ ነው። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ጃፓናዊት አሮጊት ናት። «አሠራሩን አሳዪኝ» ብዬ ለመንኳት። ውስጡ የተጫጫረ የሸክላ ሳህንና የእንጨት መፍጫ አዋሰችኝ።

«ቁላው፣ ፍጨው፣ ሶያ ሶስና ስኳር ጨምርበት። አለቀ።»

«ዓሣ የለበትም? እንቁላልስ?»

«ፖሊስ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ቆላሁ። ፈጨሁ። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። ሽታው ሲያውደኝ ግን እጄ ሳይጠይቀኝ አገሩ ገባ። እኛ ቤት ሱፍ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፤ አተላው ይጣላል። ሰሊጡን ውሃ ለቀቅሁበት፣ በጨርቅ ጨመቅሁት፣ ውሃው ላይ ሶያ ሶስና ስኳር ጨምሬ ቆስጣው ላይ አፈሰስኩት። ቆስጣው ዋኘ።

ሚስቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቀመሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው ይኼ?»

«የጃፓን ምግብ።»

«ጃፓኖቹ ምን አደረጉህ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሹካዋን አስቀምጣ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። ከኋላዋ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲዞር አየሁ። ኩራቴን ትቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

መጣች። ቆስጣውን አየች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ይኼን ለምን ትጥለዋለህ?»

«እኛ አገር የሚጣለው ይኼ ነው።»

«ታዲያ እናንተ አገር የሚበላው ምንድነው?»

ሚስቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ንገራት እንጂ፣ ሊቁ!» አለችኝ።

አሮጊቷ ሰሊጡን በማንኪያ ፍቃ ወደ ሸክላው መለሰችው፤ ስኳርና ሶያ ሶስ አድርጋ አሸችው። ቆስጣውን ጨምቃ ለወሰችውና ጭብጥ በማትሞላ ሳህን አቀረበች። ሚስቴ ቀመሰች። ደግማ ጎረሰች። ከዚያ ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ይኼ ብቻ ነው?» አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። እስከ ጾሙ ፍቺ ፈጪው እኔ፣ በላተኛዋ እሷ ሆንን።

ጎረቤቴ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «የእናንተው የሚጠለለውስ እንዴት ያለ ነው?» አለችኝ።

«ሱፍ አቀምስሻለሁ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሱፉ በሰው እጅ ከአገር ቤት እስኪደርስ እሷ እዚያው ከተማ ጫፍ፣ ዌስተን ሰፈር፣ ልጇ ዘንድ ተዛወረች። ዌስተን ደግሞ ጨረቃ ላይ አይደለም፣ አውቶቡስ ይሄዳል። ዛሬ ነገ ስል ሱፉን ራሴ ጠጣሁት። እስካሁን አንድ ሳህን ሱፍ አለብኝ።