የዘለልኩበት እግር

ይህ የደረሰብኝ በሚሌኒየሙ ማግስት፣ ቡታጅራ በባጃጅ መጥለቅለቅ በጀመረችበት ሰሞን ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ክራንቼን ፍለጋ እጄን ስዘረጋ ይታወሰኛል።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ተቀምጬ ስውል ስኳር ያዘኝ። ሐኪሙ "ይንቀሳቀሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ" አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ ለከተማው እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ የሚታወቅ ሰው ዝም ብሎ በእግሩ አይሄድም። አንዱ ለሰላምታ ያቆመዋል፤ ሌላው ቤት ካልገባህ ይላል፤ ባለባጃጁ ደግሞ "ምን ቸግሮህ ነው? ወላሂ በእግርህ አትሄድም፣ ግባ!" ብሎ ይጭነዋል። ስኳሬን ላወርድ ወጥቼ ሻይ በስኳር ጠጥቼ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ስለዚህ ከልጄ ከሰሚራ ገመድ ተዋስኩና መጋዘኑን ዘግቼ መዝለል ጀመርኩ። በርበሬ የሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ በጫማ አይወጣም፤ የምዘለው በባዶ እግሬ ነበር።

መጀመሪያ ላይማ ሌላ ሰው ሆንኩ። ቦርጬ ጎደለ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ስኳሬም ወረደ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ "ይበርቱ!" አለኝ። ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ገመድ እዘላለሁ ማለት አፈርኩ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሩቂያ መጋዘን ስትጠርግ ሲሚንቶው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየች። በርበሬ መስሏት ጠረገችው። በማግስቱም እንዲሁ። በርበሬ ቤት ውስጥ ቀይ ነገር ማን ይጠረጥራል? በሦስተኛው ቀን አልጠረግ ሲላት ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

"የሰሚራ አባት፣ ይሄ እኮ ደም ነው! እስቲ እግርህን አሳየኝ!"

ገልብጬ ሳይ ውስጥ እግሬ ከአውራ ጣቴ ሥር ተቦርቡሯል። ሽታም ነበረው። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ለካ ስኳሩ እግሬን ካደነዘዘው ቆይቷል። ሐኪሙ ራሱን እየነቀነቀ፣ እግሩ የደነዘዘ ሰው መዝለል እንደሌለበት፣ በባዶ እግሩማ ቤት ውስጥም መርገጥ እንደሌለበት ነገረኝ። ምን ዋጋ አለው? ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። ከጉልበቴ በታች ቆረጡት።

ሰው "አልሐምዱሊላህ በል፣ ነፍስህ ተርፋለች" ይለኛል። እላለሁም። እውነቱን ለመናገር ግን ተስፋዬ ተሟጧል። ስለማልንቀሳቀስ ስኳሬ ተመልሶ ወጥቷል።

ሩቂያ ከዙሁር ሶላት በኋላ የቀረውን እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትሸዋለች። ውስጡን በጣቷ ጫን እያደረገች "ይሰማሃል?" ትለኛለች።

"አዎ" እላታለሁ። ከሰሞኑ ግን የምመልስላት እጇ ሲጫን እያየሁ ነው።