ጋሼና የግቢያችን ገንዳ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ውሃ ይመረምሩ ነበር። እኛ በምንኖርበት ቆቦ የቧንቧ ውሃ በመጣ ቁጥር የምንሞላውን የግቢያችንን የመጠጥ ውሃ ገንዳም ሳይመረምሩ አያስቀምሱንም ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አጥልቀው በብርጭቆ ይቀዳሉ። «የላዩ ውሃ ይዋሻል» ይሉኛል። እኛ በዚያ ሙቀት አፋችን ደርቆ እናኮርፋለን። የክሎሪን መለኪያ ወረቀቷን ይነክሩና ቀለሟን አይተው «ጠጡ» ይላሉ።

ከቀብራቸው ወዲህ ገንዳው ገና ዛሬ ሞላ። እኔ ደሴ ሥራ አግኝቼ ሻንጣዬን ሸክፌያለሁ፤ ወረቀቷን ማንበብ የሚችል ግን ቤታችን ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ክንዴን እስከ ክርኔ አጠለቅሁ። ቀለሟ ደህና ነበር። እናቴ ባዶ ጆግ ይዛ አፍ አፌን ታያለች።

«ምን አለ ልጄ? እንጠጣ?»

«ጠጡ» አልኩ።

ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ ሻንጣዬን ፈትቻለሁ።