ያልጠየቅኩት ክብደት

በቻርተር በረራ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያና ሚዛን ነበር። እኔ ደግሞ ቡታጅራ ላሉ ዘመዶቼ ትከሻው ላይ መስመር ያለበትን ሸሚዜን አሳይቼ፣ "ፓይለት ሆንኩ" ብዬ ነው የመጣሁት። አለቃዬ ካፒቴኑ ከላይ እስከ ታች አየኝና ካቢን ትጠርጋለህ፣ ሻንጣ ትጭናለህ፣ ተሳፋሪ ያስመለሰውን ታጸዳለህ፣ ሰውም ዕቃም ትመዝናለህ አለኝ። "በተረፈህ ሰዓት ትበራለህ።"

አዲስ ለምትገቡም የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። መጥረጊያው ይለመዳል። እኔን ያቃተኝ ሚዛኑ ነው። አክስቴን የምታህል ሴት "እስቲ እዚህ ላይ ይቁሙ" ለማለት አፌ እሺ አይልም። ቁጥሩን የማነበው እያፈርኩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ምሥራቅ ቆላ ውስጥ ይነግድ የነበረ የእምድብር ሰው ሞተ። አስከሬኑን ወልቂጤ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ከዚያ በመኪና እምድብር ይገባል፤ ቀብሩ አስከሬኑ በገባ ማግስት ነው። ሚስቱ ጡት የሚጠባ ልጇን ይዛ፣ ታላቅ ወንድሙም ጋሼ ዳምጠው አብረው ይሄዳሉ። ካፒቴኑ በዋዜማው ደውዬ የሰዎቹንና የሬሳ ሳጥኑን ክብደት እንድጠይቅ አዘዘኝ። የነጋዴ ቤት ነው፣ ሚዛን አይጠፋም አለ።

ደወልኩ። ጋሼ ዳምጠው አነሱ፤ ከኋላቸው ለቅሶ ይሰማል። የቡታጅራ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው "ተመስገን፣ የኛው ልጅ ነው የሚወስደን" አሉ። ከዚህ በኋላ በምን አፌ "ስንት ኪሎ ነዎት?" ልበል? እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ዘጋሁ። ለካፒቴኑ የገዛ ግምቴን ነገርኩት።

በማግስቱ ምሥራቅ ቆላ ደርሼ ስጠብቅ የመጣው ሳጥን ወፍራም ጣውላ ነው፣ ውስጡ በቆርቆሮ ተለብጧል። ጋሼ ዳምጠውም ግዙፍ ሰው ናቸው። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል፤ በሙቀት አውሮፕላን ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ማኮብኮቢያውም አጭር ነው። ነዳጅ እንዳልቀንስ መንገድ ላይ የምሞላበት የለም። ደጋግሜ መዘንኩ። አንድ ሰው መቅረት ነበረበት።

ከሚዛኑ ቀና ብዬ ልጇን ያቀፈችውን ሚስትና ጋሼ ዳምጠውን አየሁ። ጋሼ ዳምጠው ገባቸው። ሳጥኑን ዳሰስ አድርገው ወደ ኋላ አሉ።

"እኔ ልቅር፣ የኔ ልጅ። አንተ ብቻ ወንድሜን በደህና አድርስልኝ።"

በመኪና ቢነሱ ለቀብሩ እንደማይደርሱ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ወልቂጤ ሜዳው በለቀስተኛ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ሳጥኑ ሲወርድ ሁሉም አለቀሰ። የሟቹና የጋሼ ዳምጠው እናት ግን ዓይናቸውን ከአውሮፕላኑ በር ላይ አልነቀሉም።

"ዳምጠውስ?" አሉኝ።

ክብደት በዝቶ መቅረታቸውን ነገርኳቸው።

"ይህን ትናንት ማወቅ አይቻልም ነበር?"

"ይቻል ነበር፣ እማማ።"

ትናንት ቢነገራቸው ቀብሩን ያቆዩት እንደነበር፣ አሁን ግን አገሩ ሁሉ እንደተጠራ ነገሩኝ። አልተቆጡም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ተመልሰው በላብ የራሰ ሸሚዜን አዩት።

"ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?"

በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ከእሳቸው እጅ መብላት አልቻልኩም።

ክብደት አትገምቱ። ለሐዘንተኛም ቢሆን በዋዜማው ደውላችሁ ጠይቁ።